የመሣሪያ ፈቃድ ላይ ፖሊስ ገደብ ሲጽፍ ምን ይደረጋል? ከማመልከቻ እስከ ቅሬታ፣ ለወሎ ነዋሪዎች

ማመልከቻ በመጻፍ ነው የምተዳደረው። ከደሴም፣ ከሐይቅም፣ ከወገል ጤናም የሚመጣ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር አለ፦ «ለጎረቤቴ እንደ ልቡ ፈቀዱለት። የእኔ ላይ ግን ‹ከግቢ እንዳይወጣ› ብለው ጻፉበት። ሕጉ አንድ አይደለም እንዴ?»

ሕጉ አንድ ነው። የሚሠራበት ኃላፊ ግን ይለያያል። የእርስዎና የጎረቤትዎ ፋይልም አንድ አይደለም። ኃላፊውን መቀየር አይችሉም። ፋይልዎን ግን ይችላሉ። ይህ መመሪያ ስለ ፋይሉ ነው።

ፖሊስ በራሱ ሚዛን የሚወስነው የቱ ጋ ነው?

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ለአገሪቱ በሙሉ የወጣ ነው። ዋናው ተቆጣጣሪ የፌዴራል ፖሊስ ሲሆን ሥራውን ለክልል ፖሊስ በውክልና ሊሰጥ ይችላል። እርስዎ በተግባር የሚያገኙት ግን የወረዳዎን ወይም የከተማዎን ፖሊስ ነው። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ክልክል መሆኑ ላይ ማንም ኃላፊ ምርጫ የለውም። «ምክንያቱ በቂ ነው ወይ?»፣ «ጠባዩ እንዴት ነው?»፣ «መሣሪያውን በአግባቡ ያስቀምጣል ወይ?» የሚሉት ግን በሜትር የሚለኩ አይደሉም። የኃላፊው ፍቅደ ሥልጣን፣ ማለትም በራሱ ሚዛን የመወሰን ሥልጣኑ፣ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ባዶ ቦታ ባገኘ ቁጥር በራሱ ግምት ይሞላዋል። የሰነድዎ ሥራ ደግሞ ባዶ ቦታ አለመተው ነው።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይታወቅ። በእኛ ሕገ መንግሥት መሣሪያ መታጠቅ መብት ተብሎ አልተጻፈም። አሜሪካ ያለ ዘመድ «መብትህ ነው፣ ተከራከር» ብሎ የላከውን አንብበው የሚመጡ አሉ። እዚያም ቢሆን ለምሳሌ በማሳቹሴትስ ፈቃዱን የሚሰጠው የየከተማው የፖሊስ አዛዥ ነው። «ለአደንና ለዒላማ ልምምድ ብቻ» እያለ ገደብ ይጽፍም ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2022 የኒው ዮርክን ሕግ በሻረበት ውሳኔ «የተለየ ምክንያት አምጣ» የሚለው አሠራር ወደቀ። ያ ክርክር የቆመው በእነሱ ሕገ መንግሥት ላይ ነው። ደሴ ላይ ማመልከቻ ውስጥ ቢጠቅሱት አይረዳዎትም። እኛ ጋ ጥያቄው «ፈቃድ ይሰጠኝ» ነው፤ «መብቴ ይከበር» አይደለም። ቅሬታ ላይ ሲደርሱ ግን በሥርዓት የመስተናገድና ምክንያቱን የማወቅ መብትዎን ያነሣሉ። ሁለቱን አያምታቱ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የታደሰ የቀበሌ መታወቂያ ወይም ፋይዳ፣ ዋናውና ኮፒው
- ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ከሚጠየቁት ሁለት ሦስት ትርፍ አድርገው
- ከቀበሌ የነዋሪነትና የጠባይ ማረጋገጫ
- ከወንጀል ነፃ መሆንዎን የሚያሳይ ማስረጃ (አሻራ ይሰጣሉ)
- የጤና ማስረጃ፣ የአእምሮ ጤናን ጨምሮ
- ምክንያትዎን የሚያስረዳ ሰነድ፦ የንግድ ፈቃድ፣ የይዞታ ማረጋገጫ (የመሬት ደብተር)፣ የጥበቃ ሥራ ውል፣ የደረሰ ስርቆት ካለ ለፖሊስ ያመለከቱበት ኮፒ
- መሣሪያው ቀድሞ ካለ፦ ዓይነቱ፣ ቁጥሩ፣ ከማንና እንዴት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት
- ቁልፍ ያለው ሣጥን ወይም ቁም ሣጥን፣ ለጥይቱ ደግሞ ሌላ መቆለፊያ
- አንድ ክላሰርና አንድ ደብተር

ደብተሩን ብዙ ሰው ይንቀዋል። የሄዱበትን ቀን፣ ያናገሩትን ሰው ኃላፊነት፣ የተባሉትን ነገር የሚጽፉበት ነው። በኋላ ቅሬታ ሲጻፍ ግማሹ ሥራ ከዚያ ይወጣል።

አሠራሩ

1. ቢሮውን ይለዩ። ከተማ ከሆኑ (ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ) የከተማው ፖሊስ ጋ ነው የሚጀምሩት። ገጠር ከሆኑ የወረዳው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ጋ። ብዙ ቦታ የወረዳው የሰላምና ፀጥታ ወይም የሚሊሻ ጽሕፈት ቤትም በምዝገባው እጁን ያስገባል። ስለዚህ «መጨረሻ ላይ የሚፈርመው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ይህ የሚጠቅመው ለቅሬታ ነው። የፈረመውን ካላወቁ የበላዩንም አያውቁም።

ኩታበር እየኖሩ ሱቅዎ ደሴ ከሆነ መሣሪያው የሚያድርበትን ቦታ ከመጀመሪያው ይናገሩ። መኖሪያውና ሱቁ በሁለት ፖሊስ ሥር ናቸው። ዝም ካሉ ፈቃዱ ላይ የሚጻፈው አንዱ ብቻ ነው።

2. ባዶ እጅዎን ሄደው ዝርዝሩን ይጠይቁ። መሣሪያውን ይዘው አይሂዱ። ይህን ደጋግሜ ነው የምናገረው። ከአባት የቀረ ምንሽር ወይም ቤት የከረመ ክላሽ ያለው ሰው «ላስመዝግብ» ብሎ አንግቶ ይነሣል። መንገድ ላይ ኬላ አለ። ኬላው ላይ ያለው ሰው ልብዎን አያይም፤ ያለ ፈቃድ መሣሪያ የያዘ ሰው ነው የሚያየው። መጀመሪያ ይጠይቁ፣ መቼና እንዴት እንደሚያቀርቡት ይነገርዎት፣ የነገረዎትን ሰው ደብተርዎ ላይ ይመዝግቡ።

የወረሱት ከሆነ የሟቹ ፈቃድ ለእርስዎ አይተላለፍም። ፈቃድ የሚሰጠው ለሰው ነው። የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጥተው በራስዎ ስም ያመልክቱ።

3. ምክንያትዎን በቦታ፣ በሰዓትና በሥራ ይጻፉ። ገደቡ በአብዛኛው የሚወለደው እዚህ ነው። ሰው እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦

«ለራሴና ለቤተሰቤ ደኅንነት ሲባል የጦር መሣሪያ ፈቃድ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።»

ኃላፊው ይህን ሲያነብ ምን ያያል? ቤት። ስለዚህ «በመኖሪያ ቤት ብቻ» ብሎ ይፈቅዳል። አልበደለዎትም፤ የጠየቁትን ነው የሰጠዎት። አሁን ደግሞ ይህን ይዩ፦

«በወረባቦ ወረዳ ነዋሪ ስሆን የቀንድ ከብት ነጋዴ ነኝ። ከብቶቹ ከገበያ በፊት ባሉት ሌሊቶች ከመኖሪያዬ ርቆ በሚገኘው በረት ያድራሉ። ባለፈው ዓመት ከዚሁ በረት ከብት ተሰርቆብኝ ለወረዳው ፖሊስ ያመለከትኩበት ኮፒ ተያይዟል። መሣሪያውን የምፈልገው ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በበረቱና ከመኖሪያዬ ወደ በረቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ወደ ገበያ ይዤ አልገባም።»

ሁለተኛው ረዘም ይላል። ግን ኃላፊው ሊጨነቅበት የሚችለውን ነገር ራሱ መልሶለታል። የት? በረትና መንገድ። መቼ? ሌሊት። ገበያስ? አይገባም። ገደብ ቢጻፍም እርስዎ ባሉት ልክ ይጻፋል፤ ሥራዎን አይዘጋም።

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር የአክብሮት ብቻ አይደለችም። ባቲ ሰኞ ገበያን የሚያውቅ የሚጎርፈውን ሕዝብ ያውቃል። ባቲ ደግሞ በሌላ ዞን፣ በከሚሴው፣ ሥር ነው። የደቡብ ወሎ ወረዳ ፖሊስ የሰጠውን ወረቀት እዚያ ይዘው ሲገኙ ለመከራከር ሁለት በር ይከፈትብዎታል፦ የቦታው ገደብና የሕዝብ መሰብሰቢያው ክልከላ።

አጋንነው አይጻፉ። «ሕይወቴ በየቀኑ አደጋ ላይ ነው» ካሉ «ማን ነው የሚያስፈራራዎት?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ስም ከጠሩ ጉዳዩ ፈቃድ መሆኑ ቀርቶ ጠብ ይሆናል።

4. የቀበሌውን ማስረጃ ያስተካክሉ፣ ቂም ካለ ዕርቁን ያያይዙ። የጠባይ ማስረጃ የሚጽፈው ሰው እርስዎን ላያውቅ ይችላል። «መልካም ጠባይ ያላቸው ነዋሪ ናቸው» የሚል አንድ መስመር ጽፎ ማኅተም ይመታል። ኃላፊው እንዲህ ያለ ወረቀት ብዙ አይቷል። ስንት ዓመት በቀበሌው እንደኖሩ፣ ምን ሥራ እንደሚሠሩ፣ በጠብ ተከሰው እንደማያውቁ እንዲጨመርበት ይጠይቁ። ነውር የለውም።

ከበድ ያለው ሌላ ነው። የወረዳ ፖሊስ ሰፈሩን ያውቃል። ከአጎትዎ ልጅ ጋር በድንበር መጋጨትዎን፣ ከዓመታት በፊት በዘመድ መካከል ደም መፍሰሱን ይሰማል። ይህ በሰነድ ላይ አይኖርም፤ በሰውየው ጭንቅላት ውስጥ ግን አለ። ሳይነግርዎት ይከለክላል ወይም ገደቡን ያጠብቀዋል። በሽማግሌዎች ዕርቅ፣ በአባጋር ወይም በዘወልድ፣ ታርቃችሁ ከሆነ የዕርቁን ውል ኮፒ ያያይዙ። በወረቀት ያልሰፈረ ከሆነ ሽማግሌዎቹ ፈርመው አንድ ገጽ ይጻፉልዎት፦ መቼ እንደታረቃችሁ፣ ካሣ ካለ እንደተከፈለ፣ ዋስ የሆነው ማን እንደሆነ። በሰው ጭንቅላት ያለ ወሬ የሚሸነፈው በወረቀት ነው።

ዕርቁ ገና ካልተፈጸመ ፈቃዱን ለጊዜው ይተዉት። ጠብ ላይ ያለ ሰው መሣሪያ ሲጠይቅ ማንም ኃላፊ የሚያስበው አንድ ነገር ነው። አይፈረድበትም።

5. ከወንጀል ነፃና የጤና ማስረጃውን መጨረሻ ላይ ያውጡ። ሁለቱም ቀን አላቸው። ቶሎ አውጥተው ሌላው ሲጓተት ያረጁና «አዲስ አምጣ» ይባላሉ። ሐኪም ቤት ሲሄዱ «የመጣሁት ለመሣሪያ ፈቃድ ነው» ብለው ይናገሩ። ለሥራ ቅጥር የሚሰጠው የተለመደው ወረቀት የአእምሮ ጤናንና ሱስን ላያነሣ ይችላል። ቀድሞ ክስ ነበረብዎት? በነፃ ከተለቀቁ ወይም መዝገቡ ከተዘጋ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ግልባጭ ያያይዙ። ደብቀው ከተገኘብዎት ጠባይዎ ላይ ይጻፋል።

6. ማስቀመጫውን አስቀድመው ያዘጋጁ። መሣሪያው በአንድ ቁልፍ፣ ጥይቱ በሌላ። የጥይት ካዝናው ከመሣሪያው ይነቀል፣ መሣሪያው ውስጥ የጎረሰ ጥይት አለመቅረቱ ይታይ። ቁልፉ ልጆች ከማይደርሱበት ይሁን። የሣጥኑን ፎቶ አንሥተው ከማመልከቻው ጋር ያያይዙት። ማንም ላይጠይቅዎት ይችላል። ግን ኃላፊው «ይሄ ሰውዬ የት ነው የሚያስቀምጠው?» ብሎ ሳያስብ መልሱ ፊቱ ነው። አልጋ ሥር የሚያስቀምጥ ሰውና ሣጥን ያለው ሰው እኩል ገደብ አይጻፍባቸውም። ለፖሊስ ሲሉ ብቻም አይደለም። ቤት ውስጥ ልጅ የነካው መሣሪያ ምን እንደሚያደርግ ወሎ ውስጥ የማይሰማ መንደር የለም።

7. መዝገብ ቤት ያስገቡ። ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ ያዘጋጁ። አንዱን ይሰጣሉ፣ ሌላው ላይ የገባበት ቀን፣ ገቢ ቁጥርና ማኅተም ያስመታሉ። «ለኃላፊው በእጄ እሰጣለሁ» የሚል ሰው አለ። በእጅ የተሰጠ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ይጠፋል፤ ገቢ ቁጥር ያለው ግን ቢጠፋም መኖሩ ይታወቃል። አርብ ቀን አይምረጡ። ከ5፡30 እስከ 7፡30 ለጁምዓ ቢሮ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት አጭር ነው።

ክፍያ ካለ በደረሰኝ ይክፈሉ። ደረሰኝ የሌለው ክፍያ ጉቦ ነው። «እኔ ላስጨርስልህ» የሚል ጉዳይ ገዳይ ቢገጥምዎት ትተውት ይሂዱ። ፈቃዱ በሱ በኩል ቢወጣ እንኳ፣ ኃላፊው ሲቀየር መጀመሪያ የሚመረመረው እንዲህ ያለ ፋይል ነው።

8. ሲጠሩ የጻፉትን ይድገሙ። መርማሪው ወይም ኃላፊው አስቀርቦ ሊጠይቅዎት ይችላል። አዲስ ምክንያት አይጨምሩ። ማመልከቻው ላይ «በረት» ብለው በቃል «ለመንገድም፣ ለሠርግም፣ ለሁሉም» ካሉ ምክንያትዎ ፈረሰ። ለምን መሣሪያ እንጂ ጥበቃ እንዳልቀጠሩ ሊጠየቁ ይችላሉ። መልሱን ያስቡበት። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ከመሣሪያ ያነሰ መፍትሔ ሞክረው እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ።

9. ፈቃዱን ቆመው ያንብቡ። ተቀብለው ኪስ ውስጥ አይክተቱ። ከስምዎና ከመሣሪያው ቁጥር ይጀምሩ። በቁጥሩ አንድ ዲጂት ከተሳሳተ ኬላ ላይ የያዙት መሣሪያ ፈቃድ የሌለው መሣሪያ ነው። የመሣሪያውን ቁጥር ከአካሉ ላይ አንብበው እዚያው ያመሳክሩ። ቀጥሎ «ማሳሰቢያ» ወይም «ገደብ» የሚለውን ይፈልጉ። አንዳንዴ ከጀርባው ነው። በእጅ ጽሑፍም ሊሆን ይችላል። በአብዛኛው ከነዚህ አንዱ ነው፦

- የቦታ ገደብ፦ ከግቢ፣ ከቀበሌ ወይም ከወረዳ እንዳይወጣ
- የሰዓት ገደብ፦ ሌሊት ብቻ፣ ወይም በተቃራኒው ቀን ብቻ
- የሥራ ገደብ፦ ለጥበቃ ሥራ፣ ለሱቁ፣ ለበረቱ ብቻ
- የጥይት መጠን

የማይነበብ ወይም ሁለት ትርጉም ያለው ካለ እዚያው ይጠይቁ። «በአካባቢው ብቻ» የሚለው ጣጣ አለው። የትኛው አካባቢ? ጎጡ? ቀበሌው? ወረዳው? የጻፈው ሰው ቀበሌውን አስቦ ሊሆን ይችላል፤ ኬላ ላይ ያለው ግን ግቢዎን ብቻ ነው ብሎ ያነበዋል። «ቀበሌ 03 ክልል ውስጥ» ተብሎ እንዲጻፍ ይጠይቁ። ከሰጡት በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው፣ ፊት ለፊት ሳሉ ግን የአንድ ብዕር ሥራ ነው። እርማቱ ላይ ፊርማና ማኅተም ይኑር።

በቃል የተነገረ ገደብም አለ። «አብሽር፣ ግን ከተማ ይዘህ እንዳትገባ» ይሉዎታል። ያክብሩት፣ ደብተርዎ ላይም ይጻፉት። በቃል የተነገረ *ፈቃድ* ግን እንደሌለ ይቁጠሩት። «ወልዲያ ድረስ ብትይዘው ችግር የለም» ያለዎት ሰው ኬላ ላይ አይገኝም።

10. ገደቡ ሥራዎን ከዘጋ፣ መጀመሪያ ማሻሻያ ይጠይቁ። ቅሬታ ሳይሆን ማሻሻያ። ለዚያው ቢሮ፣ በአንድ ገጽ። ሦስት ነገር ብቻ ያስፈልጋል፦ አሁን የተጻፈው ገደብ ቃል በቃል፣ በእሱ ምክንያት መሥራት ያልቻሉት ሥራ፣ የሚጠይቁት ጠባብ ለውጥ። «ገደቡ ይነሣልኝ» አይበሉ። «‹በመኖሪያ ቤት› በሚለው ላይ ‹እና በበረቱ› የሚል ይጨመርልኝ» ይበሉ። ሙሉ በሙሉ ማንሣት የመጀመሪያውን ውሳኔ ስሕተት ነበር እንደማለት ነው፤ ማንም ኃላፊ አይወደውም። መጨመር ግን አዲስ መረጃ ስለመጣ የሚደረግ ነው። አዲስ ማስረጃ ያያይዙ፤ ያው ወረቀት ያው መልስ ያመጣል።

11. ከከለከሉ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። «አይሆንም ተብያለሁ» ብሎ የሚመጣ ሰው በጣም ብዙ ነው። ማን አለ? መቼ? በምን ምክንያት? መልስ የለም። በቃል የተባለ ነገር ላይ ቅሬታ መጻፍ ጭስ መጨበጥ ነው። ስለዚህ ገቢ ቁጥሩን ጠቅሰው «በቁጥር ____ በቀን ____ ላቀረብኩት ማመልከቻ ውሳኔውና ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ» የሚል አጭር ደብዳቤ በመዝገብ ቤት ያስገቡ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል። ይህን መጥቀስ ይችላሉ፣ ግን በትሕትና።

ምክንያቱ ሲመጣ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የሚስተካከል ነው፦ ማስረጃ ጎድሏል፣ ምክንያቱ አልተብራራም፣ የጤና ወረቀቱ አርጅቷል። ቅሬታ ላይ ጊዜ አያጥፉ፣ አሟልተው ይመለሱ። ሌላው የፍርድ ጉዳይ ነው፦ «ለአካባቢው ሰላም አስጊ ሊሆን ይችላል» የሚል። ለዚህ ነው ቅሬታ የሚጻፈው።

በወረዳ ላመለከተ ሰው ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የወረዳው ፖሊስ ኃላፊ፣ ከዚያ የዞኑ ፖሊስ መምሪያ (ለደቡብ ወሎ ደሴ፣ ለሰሜን ወሎ ወልዲያ)፣ ከዚያ የክልሉ ፖሊስ ኮሚሽን ባሕር ዳር። ጎን ለጎን የአስተዳደሩ ቅሬታ ሰሚ አለ። መልስ መንፈግ፣ ማጓተት ወይም አድልዎ ከሆነ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይቻላል። እንባ ጠባቂው አስተዳደራዊ በደልን ይመረምራል፤ ራሱ ግን የመሣሪያ ፈቃድ አይሰጥም። ፍርድ ቤት የሚሄዱ ከሆነ ከጠበቃ ጋር ይምከሩ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ን ይዘው የሚመጡ አሉ። ያ የወጣው ለፌዴራል ተቋማት ነው። በወረዳ ፖሊስ ላይ ብቸኛ መሠረት አድርገው አይቁሙበት።

በየደረጃው የታችኛውን መልስ ኮፒ ያያይዙ። ዘለው ዞን ቢሄዱ «ወረዳው ምን አለ?» ተብለው ይመለሳሉ። የደሴ መንገድ ትርፉ የትራንስፖርት ወጪ ነው። ቅሬታ እየታየ ሳለም ገደቡ እንዳለ ይሠራል። «ይግባኝ ላይ ነኝ» ብለው ቢይዙት ያው ጥፋት ነው።

ማስጠንቀቂያ

*ሕዝብ የተሰበሰበበት ቦታ ፈቃድዎ አይሠራም።* ሰልፍ፣ ስብሰባ፣ የበዓል አከባበር፣ ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤት። የመሰብሰብ ነፃነትን የሰጠው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ራሱ «መሣሪያ ሳይዝ» ይላል። ገደብ ያልተጻፈበት ፈቃድም ቢሆን ያው ነው።

*ሠርግና ለቅሶ ላይ አይተኩሱ።* ደስታም ሐዘንም ቢሆን የተተኮሰው ጥይት ይወርዳል። ፈቃድ ለመሰረዝ ፖሊስ ከዚህ የቀለለ ምክንያት አያገኝም። ጎረቤት ሁሉ ምስክር ነው።

*መሣሪያዎን ለማንም አያውሱ።* ለወንድምም፣ ለአማችም፣ ለአንድ ሌሊትም።

*ፈቃድ መተኮስን አይፈቅድም።* ራስን ስለመከላከል የሚወስነው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ነው። ሌባ እየሸሸ ከሆነ ፈቃድዎ አያድንዎትም።

*አገር ሲረበሽ መጀመሪያ የሚጠበቀው ትእዛዝ የዚያ ቀን ትእዛዝ ነው።* በ2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ላሊበላ የሰዓት እላፊ ከተጣለባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። «ሌሊት በረት እጠብቃለሁ» የሚል ፈቃድ የሰዓት እላፊን አይሽርም። እንዲህ ባለ ጊዜ መሣሪያው ሣጥን ውስጥ ይቆይ፣ እርስዎ ፖሊስ ጋ ሄደው ምን ላድርግ ብለው ይጠይቁ። ወታደር ወረቀትዎን ሳያነብ መሣሪያውን ያያል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው

የጎረቤትን ማመልከቻ መገልበጥ። የሱ ምክንያት ሱቅ ነው፣ የእርስዎ በረት ነው። ኃላፊው ሁለቱንም ያነባል፣ ቃሉ አንድ ሲሆን ሁለቱንም ይጠራጠራል።

«ለእገሌ ሰጥታችሁ ለእኔ ከለከላችሁ» ብሎ ቅሬታ መክፈት። የእገሌን ፋይል አላዩትም። ይልቁንም የእገሌ ፈቃድ ተጠርቶ እንደገና ቢመረመር ጎረቤት አጡ ማለት ነው። ስለራስዎ ፋይል ብቻ ይጻፉ።

ባለሥልጣን ዘመድ ማስደወል። ዛሬ ሊሠራ ይችላል። ኃላፊው ሲቀየር ግን ፋይልዎ ውስጥ ስልክ ጥሪው የለም፣ ያለው ባዶ ምክንያት ነው።

አድራሻ ሲቀየር ዝም ማለት። ከወረኢሉ ደሴ ከገቡ ፈቃዱ ላይ ያለው ቦታ ሌላ ነው። ከመዛወርዎ በፊት ለሁለቱም ቢሮ ያሳውቁ፣ መሣሪያው እንዴት እንደሚጓዝ በጽሑፍ ይጠይቁ።

የእድሳት ቀን ማሳለፍ። የሚታደስበትን ቀን ፈቃዱ ላይ አይተው ደብተርዎ ላይ ያስፍሩ፣ ከዚያ ቀን አንድ ወር ቀደም ብለው ይሂዱ። እድሳት ደግሞ ገደብ ለማሻሻል የተመቸ ጊዜ ነው፤ ፋይሉ ያኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ያለ አንድ ወቀሳ ያሳለፉትን ጊዜ የሚያሳይ አዲስ የቀበሌ ማስረጃ ይዘው ከቀረቡ፣ «እና በበረቱ» የምትለውን ጭማሪ ያኔ ይጠይቁ።